ጭስ መውጫ አያጣም፤ እንፋሎትስ?

«ጭስ መውጫ አያጣም» ይላል የአገራችን ሰው። እውነቱን ነው። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያደገ ሁሉ ምስክር ነው፤ ጭሱ ጣሪያውን ያጠቁራል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ልብስ ላይ ይቀመጣል፣ በመጨረሻ ግን በሣሩ መሐል ሾልኮ ይወጣል። ተረቱን የተረቱት አባቶች ስለ እንፋሎት ግን ያሉት ነገር የለም። እኛ ዛሬ የተነሳነው ይህችን ቀዳዳ ልንደፍን ነው። ወይም በትክክል ለመናገር፣ ልንከፍት።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ቨርሞንት ለትምህርት በከረመበት ዓመት፣ ጎረቤቱ የሆኑ አንድ ሽማግሌ «ቅዳሜ ሥራ ከሌለህ ና፣ ስኳር እናፍላ» አሉት። ስኳር ሲፈላ አይቶ የማያውቀው ወዳጃችን ሄደ። ሽማግሌው በጓሯቸው፣ ከአሮጌ ሳንቃና ከቆርቆሮ፣ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነች ጎጆ ቀልሰዋል። ውስጧ የጡብ ምድጃ አለ። ምድጃው ላይ ሰፊና ጠፍጣፋ የብረት ድስት ተጥዷል። ድስቱ ውስጥ ከዛፍ የተቀዳ ውኃ ይፈላል። የማገዶው ጭስ በቧንቧ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁሉም ነገር ታስቦበታል፤ ከአንድ ነገር በስተቀር። ጣሪያው ድፍን ነው።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወዳጃችንና ሽማግሌው መተያየት አቃታቸው። ቆርቆሮውን የነካው እንፋሎት ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፤ ያውም የጣሪያውን አቧራና ዝገት ይዞ፣ ያውም ተመልሶ ድስቱ ውስጥ። እንጨት ይጨምራሉ፣ ውኃው ተንኖ ይወጣል፣ ጣሪያውን ሰላም ብሎ ይመለሳል። ሽማግሌው ግንባራቸውን እየጠረጉ፣ «ስኳር የምሠራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የምሠራው ዝናብ ነው» አሉ አሉ።

ወዳጃችን ይህንን በኢሜይል ሲጽፍልን ሳቅን። ስቀን ስንጨርስ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀንም። ሰዎች ይህን ሥራ ከጀመሩ ጀምሮ እንፋሎቱን የት ያደርጉት ነበር? እናላችሁ፣ ማንበብ ጀመርን። ያቺ የጎደለች የጣሪያ ቀዳዳ ውስጥ ባሮች፣ አንድ ፕሬዚዳንት፣ ገንዘባቸው የቀለጠ የሆላንድ ከበርቴዎች እና አንድ ጥቁር መሐንዲስ ተሰልፈው አገኘናቸው። ቡናችሁን ያዙና ተከተሉን። ስኳር ጨምሩበት፤ ለነገሩ ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ እንዳንጣላ።)

43 ለ 1

መጀመሪያ ዛፉን እንተዋወቅ። ሜፕል ማለት ቅጠሉ በካናዳ ባንዲራ ላይ የተቀመጠው ዛፍ ነው። ክረምታቸው ሊያልቅ ሲል፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ሳምንታት፣ ሌሊቱ በረዶ ሆኖ ቀኑ ሲሞቅ፣ በዛፉ ግንድ ውስጥ ያለው ውኃ ይንቀሳቀሳል። ግንዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ቧንቧ ይሰካበትና ከሥሩ ባልዲ ይንጠለጠላል። የሚንጠባጠበው ነገር ሲያዩት ተራ ውኃ ነው። ሲቀምሱት «ጣፍጦኛል ወይስ መስሎኝ ነው?» ያሰኛል። ምክንያቱም ከ100 እጅ ውስጥ ስኳሩ 2 እጅ ያህል ብቻ ነው።

ሽሮፕ ለመሆን ግን (የሳሉን መድኃኒት አይደለም፤ ፓንኬክ ላይ የሚፈሰውን ነው) ስኳሩ ከ100 እጅ ወደ 66 ገደማ መድረስ አለበት። የሙያው ሰዎች «የ86 ሕግ» የሚሏት ቀላል ስሌት አለቻቸው። 86ን በዛፉ ውኃ የስኳር መቶኛ ስታካፍሉ፣ ለአንድ ሊትር ሽሮፕ ስንት ሊትር የዛፍ ውኃ እንደሚያስፈልግ ታገኛላችሁ። 86 ሲካፈል ለ2፣ 43። አርባ ሦስት ሊትር ገብቶ አንድ ሊትር ይወጣል። አርባ ሁለቱስ? አርባ ሁለቱ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ሄደ ስንል እንዲሁ በነፃ የሄደ እንዳይመስላችሁ። አንድን ሊትር ውኃ ከበረዶ ቅዝቃዜ አንስቶ እስኪፈላ ለማድረስ የሚፈጀው ሙቀት አንድ ነገር ነው፤ የፈላውን ውኃ ጨርሶ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ደግሞ ከዚያ ከ5 እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከፍልጥ ነው። ከዚያ ደግሞ አንዷ ሊትር እንፋሎት ስትሆን ወደ 1,700 ሊትር ገደማ ትነፋለች። ያቺ የሽማግሌው ድስት፣ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ነው፤ በደንብ ስትነድ በሰዓት 20 ሊትር ያህል ውኃ ታተናለች። ይህ ማለት በሰዓት ከ30 ሜትር ኩብ በላይ እንፋሎት ነው። ጎጆዋ ከነጣሪያዋ 22 ሜትር ኩብ አካባቢ ናት። በሌላ አነጋገር፣ በየሰዓቱ ጎጆዋን ሞልቶ የሚተርፍ እንፋሎት መውጫ ይፈልጋል። ወዳጃችን መነፅሩን ማጽዳት ቢያቅተው አይፈረድበትም።

እንግዲህ የዚህ ሥራ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ስኳሩን ዛፉ ራሱ በበጋ ፀሐይ ሠርቶ ጨርሶታል። ለሰው የቀረችው ሥራ ውኃውን ማሰናበት ናት። የዚህ ስኳር ታሪክም ውኃው እንዴት ተሰናበተ፣ ለስንብቱስ ማን ከፈለ የሚል ታሪክ ነው።

ውኃን በበረዶ መሸኘት

ከዚህ ዛፍ ጣፋጭ ማውጣትን አሜሪካ ላይ የጀመሩት ነጮች አይደሉም። አኒሺናቤ፣ ኢሮኳ፣ አቤናኪ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከእነሱ በፊት ያውቁት ነበር። አኒሺናቤዎች አንዱን ወራቸውን «ኢስኪጋሚዚጌ ጊዚስ» ይሉታል፤ የዛፉን ውኃ አፍልቶ የማጉደያ ጨረቃ እንደ ማለት ነው። ከበርች ዛፍ ቅርፊት በተሰፋ ዕቃ ውኃውን ይሰበስባሉ፤ በእሳት የጋለ ድንጋይ እየከተቱ ያፈሉታል። የስኳሩን ሰፈር የሚመሩት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። የብረት ድስት ከአውሮፓ ከመምጣቱ በፊት ምን ያህል ደረቅ ስኳር ይሠሩ ነበር በሚለው የታሪክ ሰዎች ሲከራከሩ ኖረዋል። ዕውቀቱ የማን እንደነበር ግን አያከራክርም።

ከሁሉ ያስደነቀን ጄምስ ስሚዝ የተባለ ሰው የተወልን ምስክርነት ነው። ስሚዝ በ1755፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች ተማረከ። አልገደሉትም፤ እንደ ልጅ ተቀብለው ቤተሰብ አደረጉት። በኦሃዮ ምድር ለዓመታት አብሯቸው ኖረና ያየውን በ1799 በመጽሐፍ አሳተመ። በአንድ ዓመት፣ ይለናል ስሚዝ፣ ትልልቅ ድስት አልነበራቸውም። ምን አደረጉ? የዛፉን ውኃ በሰፋፊና ጥልቀት በሌላቸው የቅርፊት ዕቃዎች ውስጥ አድርገው ለሌሊቱ ብርድ ሰጡት። ጠዋት ላይ የረጋውን በረዶ እየሰበሩ ይጥሉታል። ስሚዝ ደነገጠ፤ ስኳሩን የሚጥሉ መሰለው። ሲጠይቃቸው ግን የሚጥሉት ውኃውን እንደሆነ፣ ስኳሩ እንደማይረጋና በረዶውም ውስጥ ምንም ያህል እንደሌለ ነገሩት።

ልክ ነበሩ። ውኃ ሲረጋ ስኳሩን ወደ ጎን ገፍቶ፣ በአብዛኛው ንጹሕ ሆኖ ነው የሚረጋው። በየሌሊቱ አንድ ንጣፍ በረዶ ሲጣል የቀረው እየጣፈጠ ይሄዳል። ማገዶ የለም፣ እንፋሎት የለም፣ ጣሪያም አያስፈልግም። ከ250 ዓመት በፊት፣ ድስት በጠፋበት ዓመት፣ ብርዱን ራሱን ሠራተኛ አድርገው ቀጠሩት።

ድስቱ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ሰፋሪዎቹ ገበሬዎች ሁለት ሦስት የብረት ድስት በአግዳሚ እንጨት ላይ አንጠልጥለው በሜዳ ያፈሉ ጀመር። ትልቁ ውስጥ የጎደለውን ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ትንሹ ይገለብጣሉ። እንፋሎቱ ችግር አልነበረም፤ ሰማይን የሚያክል ቀዳዳ ከላይ አለላቸዋ! ችግሩ ሌላው ነው። ዝናቡና በረዶው ይገባል፣ አመዱና ቅጠሉ ይገባል፣ ሙቀቱ ደግሞ በአራቱም ማዕዘን ይባክናል። የሚወጣው ስኳር ጠቆር ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል ነበር። በላንበት ይላሉ እንጂ ለገበያ ማማር የሚችል አልነበረም።

ባሪያ የማይነካው ስኳር

አሁን ወደ 1790ዎቹ እንለፍ። በዚያ ዘመን ስኳር ማለት በካሪቢያን ደሴቶች የሚበቅል ሸንኮራ አገዳ ነው፤ ሸንኮራ አገዳ ማለት ደግሞ ከአፍሪካ ተግዞ የመጣ የባሪያ ጉልበት ነው። በ1791 እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ቤተሰቦች «ደም ያለበትን ስኳር አንበላም» ብለው ከሻያቸው ስኳር አወጡ። በዚያው ዓመት በፊላደልፊያ፣ የነፃነት መግለጫው ላይ ከፈረሙት አንዱ የሆነው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ፣ ስለ ሜፕል ዛፍ ለቶማስ ጀፈርሰን ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ኦገስት 19 ቀን 1791 በአሜሪካ የፍልስፍና ማኅበር ጉባኤ ላይ ተነበበ። ረሽ የዛፉን ውኃ ወደ ስኳር መለወጫ ሦስት መንገድ ዘረዘረ፦ በማርጋት፣ በራሱ እንዲተን በመተውና በማፍላት። ተስፋው ደግሞ ትልቅ ነበር፤ ዛፉ የባሪያ ስኳርን ከገበያ ያስወጣዋል ብሎ አመነ።

ረሽ ደብዳቤውን ካስነበበ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በዚያው ወር፣ የዓለም ትልቋ የስኳር ቅኝ ግዛት በነበረችው ሳን ዶሚንግ ባሮቹ ተነሱ፤ እርሻውን ከነስኳር ማፍያው አቃጠሉት። ያ አመፅ ነው ኋላ ሄይቲ የምትባለውን ነፃ አገር የወለደው። ፊላደልፊያ ላይ ምሁራን ስለ ደግ ስኳር ይወያያሉ፤ ሳን ዶሚንግ ላይ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ጉዳዩን በእሳት ይጨርሱታል።

ወደ ጀፈርሰን እንመለስ። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጀፈርሰን በ1790 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ይህ ስኳር የልጆችን ጉልበት ብቻ እንደሚጠይቅ፣ የጥቁሮችንም ባርነት አላስፈላጊ እንደሚያደርግ በደስታ ገልጿል። በ1791 ከጄምስ ማዲሰን ጋር ወደ ቨርሞንት ተጉዞ ዛፎቹን አየ። 60 ችግኝ አዝዞ ቨርጂንያ በሚገኘው ርስቱ፣ በሞንቲቼሎ አስተከለ። አብዛኞቹ ደረቁ። እንግዲህ ጀፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት የያዘ ሰው መሆኑን አትርሱ። የባሪያ ስኳር መጠቀም አሳሰበው፤ የባሪያ ጌታ መሆን ግን እምብዛም አላስቸገረውም። ደግሞ «የልጆች ጉልበት ብቻ» ያለውን፣ በጉልበት በሚያሰምጥ በረዶ ላይ ሁለት ባልዲ ተሸክሞ የሮጠ አንድም ልጅ እንዳላማከረ እርግጠኞች ነን።

ነጋዴዎቹም ገቡበት። ዊሊያም ኩፐር የተባለ የኒው ዮርክ መሬት አከፋፋይ (የደራሲው የጄምስ ፌኒሞር ኩፐር አባት) ከፊላደልፊያ ኩዌከር ነጋዴዎች ጋር ሆኖ ስኳሩን በጅምላ ሊያወጣ ተነሳ። የሆላንድ ባለገንዘቦች ደግሞ ወኪላቸውን ገሪት ቦንን ልከው ለዚሁ ሥራ በኒው ዮርክ መሬት ገዙ። ሁሉም ከሰሩ።

ለምን? መልሱ ያቺው 43 ለ 1 ናት። የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ከ100 እጅ ከ10 በላይ ስኳር ይዞ ነው ወደ ድስት የሚገባው፤ የሜፕሉ 2 እጅ። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ስኳር ብዙ እጥፍ ውኃ ማሰናበት፣ ብዙ እጥፍ እንጨት መፍለጥ ግድ ነው። ወቅቱ በዓመት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፤ የተቀዳው ውኃ ደግሞ ቶሎ ካልፈላ ይበላሻል። በጎ ሐሳብ ብቻውን ውኃን አያተንም።

ግን ታሪኩ እዚህ ላይ አላለቀም። ከበርቴዎቹ የጣሉትን ሥራ ገበሬዎቹ አልጣሉትም። ማሳ ለማረስ ገና በሆነበት፣ ሌላ ሥራ በሌለበት ወቅት፣ እያንዳንዱ በራሱ ጫካ፣ በራሱ ማገዶ፣ ለራሱ ቤት ያፈላ ነበር። በ1860 የሕዝብ ቆጠራ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የአገሪቱ የሜፕል ስኳር ምርት ወደ 40 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። ባርነትን አላስቀረም። በሰሜን ለሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ግን በማንም ጅራፍ ያልተሠራ ስኳር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧል።

የኒው ኦርሊንሱ መሐንዲስ

እዚህ ላይ ከጫካው ወጣ ብለን ወደ ደቡብ፣ ወደ ሉዊዚያና እንወርዳለን። ምክንያት አለን፤ እንፋሎቱን በጣሪያ ከመልቀቅ ሌላ ምን ሊደረግበት ይቻል እንደነበር ያሳየን ሰው ያለው እዚያ ነው።

በደቡቡ የሸንኮራ እርሻ ማፍያው «የጃማይካ መደዳ» ይባል ነበር። ትልልቅ ድስቶች በአንድ ምድጃ ላይ ይደረደራሉ፤ ልክ እንደ ሰሜኑ ገበሬ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ። ልዩነቱ ማንቆርቆሩን የሚሠራው ሰው ላይ ነው። ባሮች ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ የሚንተከተከውን ጭማቂ ከድስት ወደ ድስት ይጨልፋሉ፤ በአዝመራ ጊዜ ሌት ከቀን። እንፋሎቱና ፍንጣሪው የማንን እጅና ፊት ይልጥ እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

ኖርበርት ሪልዩ በ1806 በኒው ኦርሊንስ ተወለደ። አባቱ ነጭ፣ እናቱ ነፃ ጥቁር ሴት ነበሩ። ፓሪስ ተምሮ፣ እዚያው አስተምሮ፣ ወደ አገሩ ተመለሰና እንዲህ የሚል ጥያቄ ጠየቀ፦ ይህን ሁሉ ሙቀት የተሸከመ እንፋሎት ለምን ወደ ሰማይ እንለቀዋለን? በ1843 እና በ1846 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ መልሱ ነው። ድስቶቹ ተዘጉ። ከመጀመሪያው የሚወጣው እንፋሎት በቧንቧ ሄዶ ሁለተኛውን ያፈላል፤ የሁለተኛው ሦስተኛውን። ይህ የሚሆነው በየድስቱ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እየተቀነሰ ስለሚሄድ ነው፤ ግፊት ሲቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። አንዱ ማገዶ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሠራል፤ ጭልፋውም ይቀራል።

መሣሪያው ባሮቹን ከፍንጣሪው አዳነ እንጂ ከጌቶቻቸው አላዳነም። የገዙት እነዚያው የእርሻ ጌቶች ናቸው፤ ባነሰ ወጪ የበለጠ አተረፉበት። ሪልዩ ራሱ ነፃ ሰው ሆኖ ቆዳው ግን በአገሩ ዕረፍት አልሰጠውም፤ ወደ ፓሪስ ተመልሶ በ1894 እዚያው ሞተ። ሐሳቡ ግን ዓለምን ዞረ። የሸንኮራ ፋብሪካ ባለበት ሁሉ የእሱ መደዳ አለ። በ1954 የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ እንደ ማንኛውም የዘመኑ የሸንኮራ ፋብሪካ ጭማቂውን ያተነነው በዚሁ ዘዴ ነው። (ሆላንዶች በሜፕል ከከሰሩ ከ160 ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው፤ ስኳር እንደ ፍቅር ሳይሆን አይቀርም፣ አንዴ የነከሰውን አይለቅም።) ቡናችን ውስጥ የጨመርነው ስኳር በአንድ ጥቁር ሰው ሐሳብ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው ማለት ነው።

«ታዲያ ሽማግሌው ለምን የሪልዩን ዘዴ አይጠቀሙም?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የተዘጋ ድስት፣ አየር መሳቢያ ፓምፕ፣ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ለጓሮ የሚሆን ነገር አይደለም። ደግሞም የሜፕል ሽሮፕ ጣዕምና ቀለም የሚመጣው በእሳት ላይ በመቆየቱ ነው። ስለዚህ ትንሹ ሰው እንፋሎቱን ለሰማይ ይሰጣል። ጥያቄው እንዴት ይስጥ የሚለው ነው።

ጣሪያ ላይ የተቀመጠች ቤት

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ክቡ ድስት ቦታውን ለጠፍጣፋው ለቀቀ። በ1858 ኦሃዮ ውስጥ ኩክ የተባለ ሰው ለማሽላ ሽሮፕ የሚሆን፣ ጭማቂው በክፍልፋዮች መሐል እየተጠማዘዘ የሚያልፍበት ድስት የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ ሐሳቡ ለሜፕልም ተረፈ። በ1880ዎቹ ደግሞ የዛፉ ውኃ በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ ሽሮፕ ሆኖ የሚወጣባቸው ማትነኛዎች በፋብሪካ ይሠሩ ጀመር። የብረቱ ሥር እንደ ፈርጥ ወደ ታች እየታጠፈ ለእሳቱ ብዙ ገላ ይሰጣል። ውኃው በፍጥነት ይተናል።

ግን ይህን የመሰለ ውድ ዕቃ ሜዳ ላይ አይጣልም። ቤት ተሠራለት። ቤት ሲሠራለት ሰማዩ ተዘጋ። ሰማዩ ሲዘጋ ያ የወዳጃችን ዝናብ መጣ። ሰዎቹ ያገኙት መልስ ቀላል ነው፦ በጣሪያው አናት ላይ፣ በጋጣው ልክ፣ ጣሪያውን ቀድደው ከላይዋ ሌላ ትንሽ ጣሪያ ያለው ቤት መሰል ነገር አስቀመጡ። ኩፖላ ትባላለች። በግራና በቀኝ በገመድ የሚከፈቱ መዝጊያዎች አሏት። ሲያፈሉ ይከፍቷታል፤ ሲጨርሱ በረዶና ወፍ እንዳይገባ ይዘጓታል። ዛሬም በቨርሞንትና በኬቤክ ገጠር ሲነዱ፣ ጣሪያዋ ላይ ሌላ ጣሪያ ያዘለች ጎጆ ካያችሁ ምን እንደሆነች አወቃችሁ።

አሠራሯ ውስጥ ጥበብ አለ። እንፋሎት ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ መውጣት ይፈልጋል፤ ማስገደድ አያስፈልገውም፣ መንገድ መስጠት ብቻ ነው። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ግን ይከማቻል፤ ስለዚህ ክፍቱ ቢያንስ የድስቱን ያህል ስፋት ቢኖረው ይመከራል፤ ቦታውም በድስቱ ትክክል ከላይ። ሁለተኛ፣ የሚወጣ ካለ የሚገባ መኖር አለበት፤ ከታች፣ በግድግዳው ሥር፣ ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ካልተተወ እንፋሎቱ ባለበት ይዋልላል። ሦስተኛ፣ እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር በነካበት ሁሉ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ ስለዚህ ኮርኒሱን እንዲነካ ጊዜ አለመስጠት ነው። ጣሪያ መቅደድ የማይፈልግ ደግሞ ከድስቱ በላይ የቆርቆሮ ኮፍያ ሰቅሎ፣ ጠርዙ ላይ አሸንዳ አድርጎ፣ በቧንቧ ያስወጣዋል፤ የሚንጠባጠበው ወደ ድስቱ ሳይሆን ወደ አሸንዳው ይሄዳል።

አራተኛው ነገር ቀልድ የለበትም። እንፋሎትና ጭስ ወንድማማች ቢመስሉም በአንድ በር መውጣት የለባቸውም። አንዳንዱ ሰው ጣሪያው ላይ ኃይለኛ ማራገቢያ ገጥሞ ከታች አየር ማስገቢያውን ይረሳል። ማራገቢያው አየር ሲያጣ ከምድጃው ጭስ ማውጫ ወደ ኋላ ይስባል፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም ቤቱን ይሞላል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ዜና በየክረምቱ የምንሰማ የከተማ ልጆች ይህን ማስረዳት አያስፈልገንም።

ሽማግሌውም ነገሩ ገባቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወዳጃችን ሲሄድ፣ መሰላል ላይ ወጥተው ቆርቆሯቸውን በመጋዝ ሲገዘግዙ አገኛቸው። ከድስቱ በላይ ድስቱን የሚያክል ቀደዱ፤ ትንሽ ከፍ አድርገው ሌላ ክዳን አለበሱት፤ ከበሩ ሥር አንድ ሳንቃ ነቀሉ። እሳቱ ሲነድ የሆነውን ወዳጃችን ሲጽፍልን፣ «እንፋሎቱ እንደ ተጠራ ሰው ቀጥ ብሎ ወጣ» አለን። ለመጀመሪያ ጊዜ የድስቱን ፊት አዩት። ማየት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ሽሮፕ ከውኃ መፍያ 4 ዲግሪ ያህል አልፎ ሲደርስ ነው የሚወርደው፤ ደቂቃ ከዘገየ ያራል፣ ድስቱም ይበላሻል።

እንፋሎቱ ሲቀንስ

ዛሬ ትልልቆቹ አምራቾች አብዛኛውን ውኃ የሚያሰናብቱት ከምድጃው በፊት ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ የገባው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለ መሣሪያ የዛፉን ውኃ በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ውኃው ያልፋል፣ ስኳሩ ይቀራል። 2 እጅ የነበረው 8 እጅ ቢሆን፣ በ86 ሕግ መሠረት ለአንድ ሊትር ሽሮፕ የሚፈላው ከ43 ወደ 11 ሊትር ይወርዳል። ማገዶው ወይም ነዳጁ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከዓለም ሽሮፕ 70 በመቶ ያህሉን የምታመርተው ኬቤክ ያለዚህ መሣሪያ አትታሰብም። ለጓሮ የሚሆኑ ትንንሾችም ወጥተዋል።

ግን ነገሩን ስታስቡት አዲስ ነው? ከእሳቱ በፊት ውኃውን መቀነስን የስሚዝ አሳዳጊዎች ብርድን ቀጥረው በ1750ዎቹ ሠርተውታል። ፈረንጅ ሁለት መቶ ዓመት ከእንፋሎት ጋር ታግሎ፣ መሬታቸውን የወሰደባቸው ሰዎች ወደሚያውቁት ሐሳብ በሌላ መንገድ ዞሮ ደረሰ። ያስተዛዝባል።

አንድ ነገር ግን አብሮ ይቀንሳል። በዚያ አገር የክረምቱ ማብቂያ ምልክት ከጎጆ ጣሪያ የሚወጣ ነጭ ደመና ነው። ያየ ጎረቤት መኪናውን ያቆማል፤ ሳይጠራ ይገባል፤ የፈላ ትኩስ ሽሮፕ በስኒ ይቀመጥለታል። እኛ አገር የቡና ሽታ የሚሠራውን ሥራ እዚያ እንፋሎቱ ይሠራዋል። ሽማግሌው ጣሪያቸውን በቀደዱባት ቅዳሜ፣ ከመንገድ ማዶ ያሉ ሁለት ጎረቤቶች «ምን እየተቃጠለ ነው?» ብለው መጥተው እስከ ማታ ሳይሄዱ ቀሩ። ድፍኑ ጣሪያ ለካ ሰውንም ነበር የዘጋው።

እንግዲህ ቡናችሁ ሳይቀዘቅዝ እናብቃ። ስኳር ሁሉ፣ የዛፉም የሸንኮራውም፣ የሄደ ውኃ ታሪክ ነው። ውኃው ወይ በባሪያ እጅ ሄዷል፣ ወይ በሪልዩ ቧንቧ፣ ወይ በሴቶች በረዶ፣ ወይ በአንድ ሽማግሌ ጣሪያ ቀዳዳ። ማንኪያችሁን ስታማስሉ አንዴ ጠይቁት፦ ይህ እንዲጣፍጥ ውኃውን ያሰናበተው ማነው? ሒሳቡንስ ማን ከፈለ?

ጭስ መውጫ አያጣም። እንፋሎት ግን ያጣል፤ ቀዳዳውን የሚከፍትለት ሰው ይፈልጋል።

ቸር እንሰንብት።